ከመተኛታችን በፊት፦ ቤታችን ውስጥ ምን እየነደደ ነው?



አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለዚህ ጁሙዓም አደረሰን። ገላን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ወደ መስጂድ መሄድ የዚህ ቀን ሱና ነው። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ሌላ ሽታ ነው፤ ከእናቶቻችን ሻሽና ሒጃብ ላይ አልለቅ ስላለው የጭስ ሽታ።

ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ ሽታ ነው። እናታችን ጋግራ ከማድ ቤት ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ በሻሿ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች፣ "ጭሱ ነው፣ ምንም አይደል" ስትል ሰምተናታል። እኛም "ምንም አይደል" ብላናለችና እንጀራውን ቆርሰን በላን። እውነቱ ግን ምንም አይደል የሚባል አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ በሚነድ የማብሰያ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ጭሱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ብናኞች ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያህል ያነሱ ናቸው። አፍንጫ አጣርቶ አያስቀራቸውም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳሉ፣ ከዚያም ወደ ደም ያልፋሉ። ውጤቱ ለሕፃን የሳንባ ምች፣ ለአዋቂ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰር፣ የዓይን ሞራ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን "የመብራት ሒሳብ እንዴት ይቀንሳል?" በሚለው ብቻ አያበቃም። የሐቅ ጥያቄ ነው፦ እኔ የማነደው ነገር በማን ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው?

ዲናችን ስለ እሳትና ስለ ሽታ ምን አስተማረን?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ስንተኛ ዕቃዎችን እንድንከድን፣ በር እንድንዘጋና መብራት እንድናጠፋ አዘዋል። ምክንያቱንም አልደበቁንም። አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታነደው ትችላለች። በሌላ ዘገባ ደግሞ መዲና ውስጥ አንድ ቤት በሌሊት ተቃጥሎ ወሬው ሲደርሳቸው፣ እሳት ለሰው ጠላት እንደሆነና ሲተኙ ማጥፋት እንደሚገባ አስተምረዋል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። ሐዲሱ የመጣው ስለ እሳት አደጋ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ አይደለም። ዑለሞችም የትእዛዙ ምክንያት ጉዳትን መከላከል መሆኑን አብራርተዋል። እኛ የምንወስደው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ ሙእሚን ከመተኛቱ በፊት ቤቱን ይቃኛል። የሚነድ ነገር አለ ወይ? ማንን ይጎዳል? ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛውን ትምህርት ከሽንኩርት እንውሰድ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ የሰውን ልጅ የሚያውከው ሽታ መላኢካዎችንም ያውካልና። አስተውሉ! ሽንኩርት ሐላል ምግብ ነው። ሽታው ማንንም ገድሎ አያውቅም። ግን አጠገብ ያለውን ሰጋጅ ስለሚያስቸግር ብቻ ይህን ያህል ቦታ ተሰጠው። የሽንኩርት ሽታ እንዲህ ከሆነ፣ የጎረቤትን ሕፃን የሚያስል ጭስ ምን ሊባል ነው?

ሦስተኛው ኢስራፍ ነው። በሱረቱል አዕራፍ አላህ (ሱ.ወ) እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ማባከንን ከልክሏል። በሱረቱል ፉርቃን ደግሞ የአር-ረሕማን ባሮች ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ ቁጠባ ስንል "ለእንግዳ ቡና አይፈላ፣ ልጆች በጨለማ ያጥኑ" ማለታችን አይደለም። ማንንም ሳይጠቅም የሚነደውን እናጥፋ ነው የምንለው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

1. ማድ ቤት፦ ጭሱን ከሰው ለዩ

ቤታችሁ የሚበስለው በእንጨት ከሆነ የመጀመሪያው ነገር እንጨቱ ደረቅ መሆኑ ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው በውስጡ ያለውን ውሃ ለማድረቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ይጨሳል፣ ትንሽ ያበስላል። ፍልጡን ቀጠን አድርጋችሁ ፍለጡ፤ ዝናብ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ደርድሩ። ይህ የጎረምሳ ሥራ ነው እንጂ የእናት ሥራ አይደለም።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛውን ሙቀት የሚበትነው በጎንና በጎን ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። እንጨት ቀነሰ ማለት ጭስ ቀነሰ፣ እናት ወይም እህት ማገዶ ተሸክማ የምትመላለስበት መንገድም ቀነሰ ማለት ነው።

ማድ ቤቱ መስኮት ከሌለው ከጣራው ሥር የጭስ መውጫ ክፈቱለት። እናታችሁ ስትጋግር ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀብላችሁ ውጭ ያዙት። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እሳት ለማያያዝ ፌስታልና የተሰበረ ፕላስቲክ መጠቀምን ደግሞ ፈጽሞ ተዉት፤ መርዙ ከእንጨት ጭስ የባሰ ነው።

በምንም ብታበስሉ ድስቱን ክደኑ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩለት ከመትነን በቀር ሙቀቱ አይጨምርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚለንም ለዚህ ነው። ማታ ዘፍዝፋችሁ ካደራችሁ የማብሰያው ጊዜ በጣም ያጥራል። ፕሬዠር የሚባለው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ካላችሁም ለእንዲህ ያለው እህል ተጠቀሙበት።

2. ከሰል፦ የማይታየው ጠላት

ይህን ክፍል እባካችሁ ሳታነቡ አትለፉ።

ከሰል ፍም ከሆነና ጭሱ ከጠፋ በኋላ "አሁን ችግር የለውም" ብለን ወደ ቤት እናስገባዋለን። በክረምት ብርድ በሩን ዘግተን ቡናውን እናፈላበታለን፤ ከዚያም ቤቱን እንዲያሞቅ ትተነው እንተኛለን። ቀዩ ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር መዛል ከተሰማችሁ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ከተሰማቸው፣ "ብርድ ነው" አትበሉ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉት፤ ቤት ካስገባችሁት በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ቡናው ሲያልቅ ወዲያው አውጡት። ከሰል እያለ መተኛት የለም። ከመተኛት በፊት እሳት አጥፉ የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ዛሬም ነፍስ እያዳነ ነው ሱብሃነላህ!

አንድ ኪሎ ከሰል ለመሥራት በርካታ ኪሎ እንጨት እንደሚቃጠልም አትርሱ። ለአንድ ጀበና ሙሉ ምድጃ ከሰል አትሙሉ። የተረፈውን ፍም ውጭ አፍናችሁ ካጠፋችሁት ለነገ ቡና ይሆናል።

3. ምጣድና ትራንስፎርመር፦ የጎረቤት ሐቅ

"እኛ ቤት በኤሌክትሪክ ነው የሚጋገረው፣ ጭስ የለብንም" የምትሉ አላችሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ኒዕማ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ጭስ የለውም። ታዲያ ለምን እንቆጥብ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ል. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አጠቃላይ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ያ ሁሉ ኃይል ለምጣድ ብቻ ቢውል፣ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው አንድ ሚሊዮን ተኩል የማይሞሉ ምጣዶችን ነው። የአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። ኃይሉ ብዙ ነው፤ ግን ማለቂያ የሌለው አይደለም።

ወደ ሰፈራችን ስንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ምሽት ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ማሞቂያና ካውያ ሲያበራ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ይጫናል። መብራት ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሲጠፋ ምን ይሆናል? ያቺ ሊጥ አቡክታ የነበረችው ጎረቤት ወደ እንጨት ትመለሳለች። ሱቁ ጄኔሬተር ያስነሳል። የኛ ብክነት በጎረቤት ቤት ጭስ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። በተለይ በረመዷን፣ ኢፍጣር ሲቃረብ ሁሉም ቤት እሳት ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ ይህን አስቡት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፦

• እንጀራውን ጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ ጋግሩ፤ የምሽቱን ሰዓት ለሚበላ ወጥና ለመብራት ተዉት።
• በሳምንት ሦስት ቀን ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ቀን አሰባስቦ መጋገር ይሻላል። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ኃይል አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል።
• የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅላችሁ በምጣዱ ግለት ጋግሯቸው።
• ሊጡ ሳይዘጋጅ ምጣድ አትሰኩ፤ አክንባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን።
• ካውያ በየቀኑ ለአንድ ሸሚዝ ከምታግሉ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጊዜ ተኩሱ።

የመብራት ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ ስለሚል፣ የቆጠባችሁት ኪሎዋት ብዙ ጊዜ ውዱ ኪሎዋት ነው። ያ ገንዘብ ለሰደቃ ይሁን።

4. ትልቁንና ትንሹን እንለይ

ብዙዎቻችን ቁጠባ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የስልክ ቻርጀር ነው። ስልካችሁን ከባዶ እስከ ሙሉ ለመሙላት የሚያስፈልገውን ኃይል አንድ ምጣድ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል! ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ቻርጀር ነቅሎ ባዶ ምጣድ ለሩብ ሰዓት ማጋል ቁጠባ አይባልም። ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ሁሉ ትልቅ በላተኛ ነው፤ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ካውያ። ትኩረታችሁ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሁን።

ውሃ ስታፈሉ የምትጠጡትን ያህል ብቻ አፍሉ፤ ከተረፈ ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩት። አሮጌውን ባለ 60 ዋት አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ ብትተኩት ተመሳሳይ ብርሃን ታገኛላችሁ። በቀን ለ5 ሰዓት ቢበራ የመጀመሪያው 300 ዋት-ሰዓት፣ ሁለተኛው 45 ብቻ ይወስዳል። ትኩስ ወጥ ሳይበርድ ፍሪጅ አታስገቡ፤ ፍሪጁን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉት፣ ከኋላው ያለው ሙቀት መውጫ ይፈልጋል።

በሳዑዲና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆናችሁ ለምታነቡን ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፦ የሳዑዲ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጋዝና ከነዳጅ ነው። እዚያ የበጋው ትልቅ በላተኛ ኤሲ ነው። 18 ላይ አድርጋችሁ ብርድ ልብስ ከምትለብሱ 24 ላይ አድርጉት፤ ማጣሪያውን አጽዱ፤ ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት።

5. መንገድ ላይ

ወደ መስጂድ የሚደረግ እያንዳንዱ እርምጃ ደረጃ ከፍ የሚያደርግና ወንጀል የሚያብስ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ታዲያ መስጂዱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሆኖ ሳለ መኪና አስነስተን፣ ሰፈሩን አጨናንቀን፣ የሰው በር ላይ አቁመን የምንሰግደው ለምንድነው? ጤና ካላችሁ በእግር ሂዱ። ሩቅ ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ በአንድ መኪና፣ ወይም በአውቶቡስ ሂዱ።

የምትነዱ ከሆነ፣ ሰው ስትጠብቁ ከአንድ ደቂቃ በላይ የምትቆሙ ከሆነ ሞተሩን አጥፉት። የጎማችሁን ነፋስ አስለኩ፤ የላላ ጎማ ነዳጅ ይበላል። ከኋላ የሚወጣው ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጃችሁ ነው፤ ገንዘባችሁን አስፋልት ላይ እየበተነ፣ ከኋላ የሚሄደውን እግረኛ እየመረዘ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ል. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ያሉት ግን ገና ለብዙ ዓመት መንገድ ላይ ናቸው። ጥገና የባለቤቱ አማና ነው። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ጭስ አለመልቀቅም የዚያ ወንድም ነው።

6. ግቢ ውስጥ ቆሻሻ አታቃጥሉ

ማታ ማታ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ዳይፐር ከቅጠል ጋር አጥር ሥር ማቃጠል ብዙ ሰፈር የተለመደ ነው። ቆሻሻው ከዓይናችን ጠፋ እንጂ ከዓለም አልጠፋም፤ አየር ሆኖ በጎረቤት መስኮት ገባ። የምግብ ትራፊና ቅጠሉን ለይታችሁ ለጓሮ ማዳበሪያ አድርጉት። ፕላስቲኩንና ብረታ ብረቱን ለቆራሌው ስጡት። የቀረውን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አቆዩት።

7. መስጂዳችን

አነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ ነበር፤ ይህም ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። እኛ ቧንቧውን ከፍተን እያወራን እግራችን ጋ እስክንደርስ ስንት ሊትር ይፈሳል? ውሃው በፓምፕ የሚሳብ ወይም በማሞቂያ የሚሞቅ ከሆነ የሚፈሰው ኤሌክትሪክም ነው። የመስጂዱ ጀመዓ ወጣቶች ተመካከሩና፣ ሶላት ካለቀ በኋላ መብራትና ማራገቢያ የሚያጠፋ ተረኛ መድቡ። የመስጂድ ንብረት የምእመናን አማና ነው፤ ሰው ሰደቃ ብሎ የሰጠው ገንዘብ ባዶ አዳራሽ ላይ አይንደድ።

እናታችንን እንዴት እናናግራት?

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስታበቁ ማድ ቤት ገብታችሁ "እማዬ፣ አሠራርሽ ስህተት ነው" ካላችሁ ትምህርቱ አልገባችሁም። እሷ እናንተን ያሳደገችው በዚያ ምድጃ ነው። ተግሣጽ ሳይሆን እጃችሁን ይዛችሁ ግቡ። ፍልጡን ፍለጡላት፣ ሕፃኑን ያዙላት፣ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉላት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ምጣዱ ላይ ራሳችሁ ቁሙ። ወንዶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። ሥራ የጀመራችሁ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞቻችሁ በአንዱ ለእናታችሁ ጭስ የማያስለቅሳት ምድጃ ግዙላት። አዲስ ስልክ ይቆይ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

ከዛሬ ማታ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ጁሙዓ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩ። ከሰል ወጥቷል? ስቶቩ ጠፍቷል? ሰው የሌለበት ክፍል መብራት በርቷል? ይህን ስታደርጉ ሱናን መከተልንና ቤተሰብን መጠበቅን ነይቱ፤ ሥራ በኒያ ነውና፣ ሁለት ደቂቃዋ ኢንሻአላህ አጅር ትሆንላችኋለች። ከዚያም ከላይ ካነሳናቸው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ያዙት። ትንሽ ብትሆንም የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ የተወደደ ነው።

ያ ረብ! በጭስ ያሳደጉንን እናቶቻችንን ጤናና ረጅም ዕድሜ ስጣቸው። ወደ አንተ የሄዱትን በራሕመትህ ተቀበላቸው። በሰጠኸን ኒዕማ ከሚያባክኑት አታድርገን፣ ጎረቤታቸው ከክፋታቸው ሰላም ከሚያገኝባቸው ባሮችህ አድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።